«አልተረጋገጠም» እና «አልነበረም»፦ የቶማስ ቶምሰን የታሪክ ጥርጣሬ ሲመዘን

በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት አሜሪካዊ ተወላጅ የመጽሐፍ ቅዱስ ተመራማሪ ቶማስ ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ጥናት፣ በኦሪት ዘፍጥረት የሚገኙትን የኢብራሂም፣ የኢስሐቅና የያዕቁብ (ዐለይሂሙ ሰላም) ትረካዎች ታሪካዊነት ይመረምራል። ጥናቱ ለሃይማኖት ንጽጽር ክርክር የሚሰለፍ ዳዒ በቀላሉ የሚያነሣው መሣሪያ ይመስላል። እኛ ግን ከመነሣቱ በፊት ስለቱ በየት በኩል እንደሆነ መታየት አለበት እንላለን።

በመጀመሪያ የሚገባቸውን እንስጥ። ከእርሳቸው በፊት በዊልያም ኦልብራይት የሚመሩት ምሁራን፣ የመሬት ቁፋሮ ግኝቶች የኢብራሂምን (ዐ.ሰ) ዘመን ከዒሳ (ዐ.ሰ) ልደት በፊት በሁለተኛው ሺህ ዓመት ውስጥ ያጸኑታል ብለው ያምኑ ነበር። ከዋና ዋና ማስረጃዎቻቸው አንዱ በሰሜን ኢራቅ፣ ከኪርኩክ አቅራቢያ፣ በኑዚ የተገኙት የሸክላ ጽሑፎች ናቸው። መካን ሚስት አገልጋይዋን ለባሏ የምትሰጥበት ውል በእነዚህ ጽሑፎች ስለተገኘ፣ የሣራና የሃጀር ታሪክ የዚያ ዘመን አሻራ ነው ተባለ። ቶምሰን እንዲህ ያለው ልማድም ሆነ የስሞቹ ዓይነት በሌሎች ዘመናትም የሚገኝ መሆኑን አሳዩ። በብዙ ዘመናት የነበረ ልማድ ለአንዱ ዘመን ለይቶ አይመሰክርም። ይህ ነቀፋ ትክክል ነው፤ እምነትን ለመደገፍ የቀረበ ደካማ ማስረጃ ሲወድቅ የሚጎዳው የተደገፈውን ነውና።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ቶምሰን ትረካዎቹ በታሪክ አይረጋገጡም ከማለት አልፈው፣ ታሪካዊ መሆናቸው የማይመስል ነገር ነው ወደሚል ፍርድ ይሻገራሉ። በኋለኞቹ ሥራዎቻቸውም የዳዉድንና የሱለይማንን (ዐ.ሰ) መንግሥት ከታሪክ አውጥተው ከሥነ ጽሑፍ ይመድቡታል። የሐዲስ ሊቃውንት ይህን መሻገሪያ አይፈቅዱም። ኢስናዱ የተቆረጠን ዘገባ ዳዒፍ ይሉታል እንጂ፣ በመቆረጡ ብቻ መውዱዕ አይሉትም። ለመውዱዕ ፍርድ ሌላ ማስረጃ ይሻሉ፤ የዘጋቢውን ቀጣፊነት ወይም ዘገባው ከተረጋገጠ ነገር ጋር መጋጨቱን። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም፤ አንዳንዱ ዳዒፍ ደጋፊ መንገድ ሲገኝለት ይጠነክራል፣ መውዱዕ ግን አይጠነክርም።

እ.ኤ.አ. በ1993 በቴል ዳን የተገኘው የአረማይክ የድንጋይ ጽሑፍ ይህን ያስረዳል። ከዒሳ (ዐ.ሰ) ልደት በፊት በዘጠነኛው መቶ ዓመት የተቀረጸው ይህ ጽሑፍ፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት እንዳነበቡት «የዳዉድ ቤት» የተባለ ሥርወ መንግሥት ይጠቅሳል። ቶምሰንና የሥራ ባልደረባቸው ኒልስ ፒተር ሌምኬ ንባቡን ተቃወሙ። ድንጋዩ የዳዉድን (ዐ.ሰ) ታሪክ በሙሉ አያረጋግጥም፤ ነገር ግን የትናንት ዝምታ የነገ ምስክርነትን እንደማይከለክል ያሳያል።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ጣሃ ሑሴን እ.ኤ.አ. በ1926 በካይሮ ስለ ጃሂሊያ ግጥም ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የኢብራሂምና የኢስማዒል (ዐ.ሰ) ስም በተውራትና በቁርኣን መጠቀሱ ብቻ ታሪካዊ ህልውናቸውን ለማረጋገጥ አይበቃም ብለው ነበር። ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በ1927ም ተሻሽሎ በሌላ ርእስ ወጣ። ሚዛኑ ግን ከቶምሰን ሚዛን ጋር አንድ ነው። ስለዚህ በሚንበር ላይ ቆሞ ቶምሰንን በዘፍጥረት ላይ የሚጠቅስ ኢማም፣ ነገ ተማሪው ስለ ካዕባ አመሠራረት በዚያው ሚዛን ሲጠይቀው ምን ይመልሳል? ቁርኣን በሱረቱል ሙጠፊፊን ሰፍረው የሚያጎድሉትን መውቀሱ የእህል ነጋዴን ብቻ የሚመለከት አይደለም።

ኢብራሂምን (ዐ.ሰ) የምናውቀው በወሕይ ነው፤ የሸክላ ጽሑፍ ምስክርነት ባይገኝ እውቀታችን አይጎድልም፣ ቢገኝም በእርሱ ላይ አልተመሠረተም። ሸሪዓችን ባላረጋገጠውና ባላስተባበለው የኢስራኢሊያት ዘገባ ላይም፣ ከመቀበልና ከማስተባበል መካከል መታቀብ የሚባል ሦስተኛ ቦታ ቀደምት ዑለማዎቻችን ትተውልናል። መምህራን ለደረሶቻቸው የክርክር ማሸነፊያ ከማቀበል ይልቅ ይህን ቦታ ቢያሳዩአቸው ይበልጣል እንላለን።

ወላሁ አዕለም።