ታጥቦ ጭቃ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ለጓሮዬ ጎመንና ሰላጣ የሚሆን አፈር ፍለጋ መንገድ ዳር ካለ ችግኝ መሸጫ ጎራ አልኩ። ልጁ ጥቁር፣ ፍርክስክስ ያለ፣ ሽታ የሌለው ብስባሽ የሞላበት ጆንያ ከፍቶ አሳየኝ። «ከምን የተሠራ ነው?» አልኩት። ፈጠን ብሎ «ኦርጋኒክ ነው ጋሼ!» አለኝ። ልብ በሉ፤ እኔ የጠየቅሁት ከምን እንደተሠራ ነው፤ እሱ የነገረኝ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ነው። ደግሜ ስጠይቀው «እሱን እንኳ የሚያውቁት ባለቤቱ ናቸው» አለ። ሳልገዛ ተመለስኩ። ልጁን አልወቅሰውም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ከተማሪዎቼ ጋር የተጨቃጨቅሁት በዚሁ ጉዳይ ነበር፤ ነገሩንና ስሙን ለይቶ ስለማየት።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። አንዳንዱን ግን ኮሚቴ ያወጣዋል። አሜሪካ ውስጥ የከተማ ፍሳሽ ሲጣራ ከሥር የሚቀረው ዝቃጭ ስሙ «ስላጅ» ነበር። ለእንግሊዝኛ ጆሮ ቃሉ ራሱ ይሸታል። እንዲህ ያለ ስም የያዘ ነገር ማሳው ላይ እንዲፈስለት የሚለምን ገበሬ ደግሞ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ የፍሳሽ ባለሙያዎቹ ማኅበር ስም የሚቀይር ግብረ ኃይል አቋቋመ። ከ250 በላይ ጥቆማ ጎረፈ፤ «ጥቁር ወርቅ» የሚል ሁሉ ነበረበት። በመጨረሻም በ1991 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ባዮሶሊድስ» ተባለ። «ባዮ» ሕይወት ነው፤ ሕይወትን ማን ይጠላል?

ይህንን የስም አወጣጥ ጆን ስቶበርና ሼልደን ራምፕተን በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ሰጥተውታል። የመጽሐፉ ርእስ ወደኛ ሲመለስ «መርዛም ዝቃጭ ይበጃችኋል» እንደማለት ነው። የሕዝብ ግንኙነት ንግድ ቃልን እንዴት እንደሚያጥብ ለማየት ደህና አድርጎ ይጠቅማል። ቅር የሚለኝ ርእሱ ላይ ነው። ዝቃጭን ሁሉ ሳይመረምሩ «ሕይወት» ማለት ስህተት ከሆነ፣ ሳይመረምሩ «መርዝ» ማለትም ያው ነው። ሁለቱም ስም እንጂ ልኬት አይደሉም።

ልኬቱ ታዲያ ምን ይላል? ዝቃጭ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አለው፤ አፈር ያለማል፤ ይህ ሐሰት አይደለም። የሚልዋኪ ከተማ ከ1926 ጀምሮ አድርቃ ትሸጠዋለች። ወደ ኮምፖስት ሲቀየር ደግሞ ክምሩ ለቀናት 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይግላል። ተሐዋስያኑም የወስፋት እንቁላሉም ያልቃሉ። ነገር ግን እርሳስ፣ ካድሚየምና ባዜቃ አይበሰብሱም፤ ሙቀትም አይገድላቸውም። ወጥ ሲንተከተክ ውሃው ተንኖ ጨው ድስቱ ውስጥ እንደሚቀር ሁሉ፣ የሚበሰብሰው ተቃጥሎ ክምሩ ሲያንስ ብረቶቹ ባሉበት ይቀራሉ፤ እንዲያውም በኪሎ ሲሰላ መጠናቸው ይጨምራል። እንጨት ፍቅፋቂና ቅጠል ሲቀላቀልበት ይቀጥናል እንጂ አይጠፋም። ያ ሽታ የሌለው፣ ፍርክስክስ ያለው መልክ ስለ ተሐዋስያኑ ሊመሰክር ይችላል፤ ስለ ብረቶቹ ግን ምንም አይናገርም።

ካድሚየም በተለይ ቅጠላ ቅጠል ይወዳል፤ ሰላጣና ቆስጣ ከአፈር ይስቡታል፤ አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ይብሳል። ሰው ውስጥ ሲገባ ኩላሊት ላይ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። እርሳስ ግን አብዛኛው አፈሩ ላይ ይቀራል፤ ወደኛ የሚመጣው በአቧራና በደንብ ባልታጠበ አትክልት ነው።

አሜሪካኖቹ በ1993 ደንብ አወጡ። ደንቡ ዛሬ ዘጠኝ ብረቶችን ይገድባል፤ በአንድ ኪሎ ደረቅ ዝቃጭ ካድሚየም ከ85፣ እርሳስ ከ840 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል። ከዘጠኙ ውጪስ? የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ የራሱ ዋና ተቆጣጣሪ በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ ዝቃጭ ውስጥ ስለተገኙ 352 በካዮች ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በቂ መረጃ እንደሌለው ጽፏል።

ከዚህ ሁሉ ያስገረመኝ የሳን ፍራንሲስኮ ታሪክ ነው። ከተማዋ ከ2007 ጀምሮ ከዝቃጭ የተሠራ ኮምፖስት «ኦርጋኒክ» ብላ ለነዋሪዎች በነፃ አደለች። ያው የአሜሪካ መንግሥት ግን በ2000 ባጸደቀው ደንብ፣ በዝቃጭ የለማ ሰብል «ኦርጋኒክ» ተብሎ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ይህም የሆነው የ1997ቱ ረቂቅ በሩን ክፍት ቢተወው፣ ከሩብ ሚሊዮን በላይ አስተያየት ስለወረደበት ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም። በ2010 ተቃዋሚዎች ኮምፖስቱን ይዘው ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰልፍ ወጡ፤ እደላውም ቆመ።

ይህ የሰው አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእኛው ተመራማሪዎችም አዲስ አበባ ውስጥ በተበከለ ወንዝ ውሃ በሚለማ ቅጠላ ቅጠል ላይ ከባድ ብረቶች መኖራቸውን መርምረው በ2002 አሳትመዋል። የቆዳ ፋብሪካው፣ የጋራዡ፣ የብረት ቀለሙ ቅሪት ከሰው ፍሳሽ ጋር አንድ ቱቦ ወይም አንድ ወንዝ ውስጥ ከተገናኘ በኋላ መለየት ከባድ ነው፤ ውድም ነው። በአሜሪካ የዝቃጭ ብረት የቀነሰው ስሙ ስለተቀየረ አይደለም፤ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ወደ ቱቦው ሳይለቁ በየደጃቸው እንዲያጣሩ ስለተገደዱ ነው። ቆጥበን ለመጠቀም ካሰብን፣ ማዳበሪያ ውድ በሆነበት አገር ማሰባችንም ተገቢ ነው፣ ሥራው የሚጀመረው ከፋብሪካው በር ነው። ከዚያ ደግሞ እያንዳንዱ ጆንያ ላይ ከምን እንደተሠራና ምን ያህል ካድሚየምና እርሳስ እንዳለበት ይጻፍ። አለበለዚያ ታጥቦ ጭቃ ነው።

እኔ ለጊዜው ጎመኔን በጎረቤቴ የላም ፍግ ተክያለሁ። ከምን እንደመጣ ብትጠይቁኝ፣ ላሟን ላሳያችሁ እችላለሁ።