ድምፄ ከወንዙ ማዶ ቢሆን ኖሮ

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ይኖራል። ሁለታችንም ዜግነት ወስደናል፣ ሁለታችንም ግብር እንከፍላለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜም አንድ ቤት ቡና እንጠጣለን። በ2008 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) የኦባማ ምርጫ ሲቃረብ ግን ልዩነታችን ወጣ። የእሱ ስልክ ሲጮህ ያመሻል፣ በሩ ይንኳኳል፣ የፖስታ ሳጥኑ ሞልቶ ይፈሳል። የእኔን በር ያንኳኳ አንድ ነፍስ አልነበረም። ይባስ ብሎ እኔም ልርዳ ብዬ ስመዘገብ “ወንዙን ተሻገርና ቨርጂንያ ሄደህ ቀስቅስ” ተባልኩ። ሄድኩም። የራሴን ሰፈር ትቼ የአክስቴን ልጅ ጎረቤቶች ስለምን ከረምኩ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሜሪላንድ ከ1988 ወዲህ ሪፐብሊካን መርጣ አታውቅም፤ ስለዚህ አሥሩ የመራጭ ድምፆቿ የት እንደሚገቡ ሳይቆጠር ይታወቃል። ቨርጂንያ ግን ከ1964 በኋላ ዲሞክራት መርጣ የማታውቅ፣ በዚያ ዓመት ግን ልቧ የተከፈለባት ነበረች። 13ቱን ድምፅ ኦባማ ወሰደ። የአክስቴ ልጅ እስከ ዛሬ “እኔ ነኝ ያስመረጥኩት” እያለ ቡና ላይ ይፎክርብኛል፣ መልስ የለኝም።

በየሬስቶራንቱ ቴሌቪዥን ስር ስንከራከር ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ። ኖቬምበር ላይ የምንመርጠው ፕሬዚዳንቱን አይደለም። በስማችን የሚመርጡ ሰዎችን ነው። እያንዳንዱ ስቴት በተወካዮች ምክር ቤት ያለው ወንበር ተቆጥሮ፣ ሁለቱ ሴናተሮች ይደመሩበትና ያን ያህል መራጭ ይሰጠዋል። ዋሽንግተን ዲሲ በ1961 በወጣው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሦስት አገኘች። ድምሩ 538 ነው፤ 270 ያገኘ አሸነፈ። ሰዎቹ ዲሴምበር ላይ በየስቴታቸው ተሰብስበው ድምፃቸውን ይሰጣሉ፣ ጃንዋሪ 6 ኮንግረስ ይቆጥረዋል። ከሜይንና ከነብራስካ በስተቀር በሁሉም ስቴት አንደኛ የወጣው ጠቅልሎ ይወስዳል። በአንድ ድምፅ የበለጠም፣ በሚሊዮን የበለጠም የሚያገኘው እኩል ነው።

በ2000 አል ጎር በመላው አገር ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በልጦ ተሸነፈ። ፍሎሪዳ ላይ ልዩነቱ 537 ሰው ነበር፤ የእኛ ሰው አንድ ሠርግ ላይ የሚጠራው እንኳ ከዚያ ይበልጣል። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ወደ 2.9 ሚሊዮን በልጣ ተሸነፈች። በ2020 ደግሞ ባይደን በሰባት ሚሊዮን በለጠና አሸነፈ፣ እኛም ጉዳዩ የተዘጋ መሰለን። ግን አሪዞናን፣ ጆርጂያንና ዊስኮንሲንን አንድ ላይ ያሸነፈው በ43,000 ገደማ ድምፅ ብቻ ነበር። ሦስቱ ቢያመልጡት ኖሮ 269 ለ269 ይሆኑና ነገሩ ወደ ምክር ቤቱ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ስቴት ሁሉ አንዳንድ ድምፅ ነው ያለው፣ ዋዮሚንግና ካሊፎርኒያ እኩል። ሰባት ሚሊዮን ሰው በልጦ መሸነፍ ማለት እንዲህ ነው። በ2024 ትራምፕ በሁለቱም መንገድ ስለቀደመ ክርክሩ ጋብ አለ። ልማዳችን ነው፤ ጣራው የሚታሰበን ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው።

የዚህ ሥርዓት ጠበቆች “ትንንሾቹን ስቴቶች ለመጠበቅ ነው” ይላሉ። እውነት ነው፣ በ2020ው ቆጠራ ዋዮሚንግ ውስጥ አንድ መራጭ የሚደርሰው ለ192,000 ሰው ሲሆን ካሊፎርኒያ ውስጥ ለ732,000 ሰው ነው። ግን እስቲ ዋዮሚንግ ሄዶ በር የሚያንኳኳ ተወዳዳሪ አይታችኋል? እንደኛ እንደ ሜሪላንዶቹ የተረሱ ናቸው። ሰዎቹ ድንኳን ጥለው የሚከርሙት ፔንሲልቫንያ ነው፣ እሷ ደግሞ ትንሽ አይደለችም። ስለዚህ ዋናው ሕመም ሁለቱ የሴናተር ድምፅ አይመስለኝም። ሕመሙ ጠቅልሎ መውሰዱ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለሪፐብሊካን የሰጡት ሚሊዮኖች፣ ቴክሳስ ውስጥ ለዲሞክራት የሰጡት ሚሊዮኖች የላም አለኝ በሰማይ ዓይነት ድምፅ ነው ያላቸው። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ጠቅልላችሁ ስጡ ብሎ አላዘዘም። ስቴቶቹ ራሳቸው፣ ለየፓርቲያቸው እንዲመች ያመጡት ነው።

አንድ ሌላ የማይነገር ነገር አለ። በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ሕገ መንግሥቱ ሲጻፍ በባርነት የተያዙት ጥቁሮች ድምፅ አልነበራቸውም፤ የምክር ቤት ወንበር ሲታደል ግን አምስቱ እንደ ሦስት ሰው ተቆጠሩ። ሕዝቡ በቀጥታ ይምረጥ ቢባል ደቡቦቹ ይህን ጥቅም ያጣሉ። ይህን የተናገረው ጠላታቸው ሳይሆን የቨርጂንያው ጄምስ ማዲሰን ራሱ ነው፣ እዚያው ጉባኤ ላይ። ውጤቱም ወዲያው ታየ፤ ከመጀመሪያዎቹ 36 ዓመታት ውስጥ 32ቱን የገዙት የቨርጂንያ ሰዎች ናቸው። እኛ ጥቁሮች ዘግይተን መጥተን በዚህ ሥርዓት ስንመርጥ ይህን ማወቅ ይገባናል ባይ ነኝ።

ለፍትሕ ሲባል የተቃራኒውንም ላንሳ። በመላው አገር ድምፅ ቢቆጠርና ልዩነቱ ጠባብ ቢሆን፣ የፍሎሪዳው ጭቅጭቅ በሃምሳ ስቴት ይባዛል የሚሉት ሰዎች ከባድ ነገር ነው የተናገሩት። ለኔ ግን አያሳምነኝም። ልዩነቱ ሚሊዮን ሲሆን እንደገና ቁጠሩ የሚል አይኖርም፤ 537 ሲሆን ነው ፍርድ ቤት የሚኬደው።

ለማረም አልተሞከረም አይባልም። በ1969 ምክር ቤቱ ቀጥታ ምርጫን 338 ለ70 አጸደቀ፤ በማግስቱ ዓመት ሴኔት ውስጥ በንግግር ብዛት ታፍኖ ሞተ። በ2007 ደግሞ የኔዋ ሜሪላንድ ሌላ ዘዴ ይዛ ቀደመች። የስቴቶች ስምምነት ነው፤ የፈረሙት ስቴቶች 270 ሲሞሉ መራጮቻቸውን በመላው አገር አንደኛ ለወጣው ይሰጣሉ። በ2024 ላይ 17 ስቴቶችና ዲሲ ፈርመው 209 ደርሶ ነበር። ነገር ግን እስከዚያ የፈረሙት ሁሉ ወደ ዲሞክራት የሚያደሉ ናቸው፣ ያኔ የቀረው 61 ድምፅ ደግሞ የነበረው ሌላው ደጅ ነው። በአንድ ወገን ብቻ የተፈረመ ሽምግልና ምን እንደሚሆን አገር ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል።

ደግሞ እኛ በአሜሪካኖቹ ለመሳቅ አንቸኩል። በ2005 አዲስ አበባ ላይ ተቃዋሚው 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ጠቅልሎ ሲወስድ እልል ብለናል፤ ገዥውን ፓርቲ የመረጠው የአዲስ አበባ ሰው አንድ ወንበር እንኳ እንዳልደረሰው ያነሳ አልነበረም። በ2010 ደግሞ ከ547ቱ ወንበር 545ቱ ወደ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ሲገባ ጮኽን። የጮኽንበት ሌላ ብዙ ምክንያት እንደነበረን አልረሳም። ግን ጠቅልሎ መውሰድ የሚባለው ነገር ያኔም እዚያው ነበር።

ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ አትላንታ ሥራ አገኘች። በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ ገና አንድ ጊዜ እንኳ ሳትመርጥ፣ ጆርጂያ ገባች ማለት ነው። ጆርጂያ በ2020 በ11,779 ድምፅ የተለየች ስቴት ናት። እኔ እዚህ ለዓመታት ስሰለፍ ማንም አልፈለገኝም። በ2024 ኦክቶበር አንድ ቅዳሜ ደውዬላት ገና ሰላምታ ሳንጨርስ፣ “አባዬ፣ ቆይ አንዴ፣ በር እየተንኳኳ ነው” አለችኝ።