መጀመሪያ ቀኑን

አዲስ የገባው ልጅ በቀደም «ጋሼ፣ ለኮሮላ የቱ ብራንድ ይሻላል?» አለኝ። ደንበኛ ሲጠይቀኝ ታግሼ እመልሳለሁ፤ ጎሚስታ ሊሆን የመጣ ሰው ሲጠይቀኝ ግን ያናድደኛል። ልኩ 195/65 አር 15 መሆኑን፣ የጭነቱና የፍጥነቱ ምልክት ፋብሪካው ካዘዘው ማነስ እንደሌለበት ያውቃል፤ እሱን አልደግምለትም። ብራንዱን ተወውና ቁጢጥ ብለህ ጎማው የተመረተበትን ቀን አንብብ አልኩት።

ዲኦቲ ከሚለው የሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥሮች አሉ፤ ሁለቱ ሳምንቱ፣ ሁለቱ ዓመቱ። ከውጭ በኩል ካጣህ ከመኪናው ሥር ገብተህ በውስጥ በኩል ፈልግ፤ ቀኑ የሚታተመው ብዙ ጊዜ ባንዱ ጎን ብቻ ነው። እንግዲህ እኛ አገር ችግሩ ዓመቱ የፈረንጅ መሆኑ ነው። አንድ ደንበኛ 1218 የሚል ጎማ አራቱንም ገዝቶ ላስገጥም ብሎ መጣ። ዘንድሮ 2018 ነዋ! «ትኩስ ነው፣ የኅዳር ምርት» ብለውታል። ሻጩ ከመስከረም ጀምሮ አሥራ ሁለት ሳምንት ቆጥሮለታል ማለት ነው። በኛ አቆጣጠር ግን ጎማው የመጋቢት 2010 ነው። አታለለው አልልም፤ ምናልባት ራሱም ያመነበት ነገር ነው። የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው።

«ጥርሱ ሙሉ ነው፣ መጋዘን ከርሞ ምን ይሆናል?» የሚሉ የሙያ ጓደኞች አሉኝ። ከነሱ ጋር ስንከራከር ዓመታት አልፈዋል። ጥርስን የሚበላው መንገድ ነው፤ ላስቲኩን የሚያስረጀው ግን አየርና ሙቀት ነው፤ ለዚያ ደግሞ መሽከርከር አያስፈልገውም። እንዲያውም ፋብሪካው ከላስቲኩ ጋር የሚያዋህደው፣ ከኦዞን የሚከላከል ሰም ወደ ላይ የሚወጣው ጎማው ሲዞርና ሲተጣጠፍ ነው። ቆሞ የከረመ ጎማ ይህን መከላከያ አያገኝም። ላዩን በቅባት አጥቁረው ሲያሳዩህ ያምራል፤ ጎኑን በአውራ ጣትህ ጫን ብለህ ስታየው ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች ይወጣሉ። ሚሽሊን ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይመርመር፣ ከተመረተ አሥር ዓመት ሲሞላው ጥርስ ቢኖረውም ይቀየር ይላል። እኔ ስድስት ላይ አቆማለሁ። ግትር ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ዓመቱን ሙሉ ከተማ ውስጥ ሲያዘግም የኖረ መኪና ለፋሲካ ቤተሰብ ከነዕቃው ጭኖ አዳማን አልፎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አስፋልቱ ግሏል፣ ንፋሱን ማንም አላየውም፣ ፍጥነቱ ከተማ ውስጥ የማይሞከር ነው። ያረጀ ጎማ ጉዱ የሚወጣው ያኔ ነው።

(ሁለት ብቻ ለሚገዛ፦ አዲሶቹን ከኋላ አስገጥም። «መሪው ከፊት ነው» ብሎ የሚሟገተኝ ሁሉ በዝናብ መኪናው ከኋላ ሲንሸራተትበት ያየው አይመስለኝም።)

ስለ ላስቲክ ከማውቀው የሚበልጠውን ያስተማረኝ አባቴ ነው። መርካቶ ውስጥ ካለቀ ጎማ በረባሶ ይሠራ ነበር። መኪና ነድቶ አያውቅም፤ ጎማን የሚያውቀው በቢላዋ ነው። ሽቦ ያለውን አይወድም፣ ናይለኑን ይመርጣል። ቁራጩን አጥፎ እጥፋቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል፤ ከተሰነጠቀ፣ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ይወረውረዋል። ብላቴና ሆኜ «ኧረ ገና ደህና ነው» ብለው «የሚጫማው ገበሬ ነው፤ መንገድ ላይ ቢበጠስበት ማን ያዝለዋል?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እኔም ሳላጥፍ የማቀብለው ቁራጭ አልነበረም። ጎሚስታ ሆኜ ስቀጠር ደስ አላለውም፤ ጎማ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ዋሾ ይመስለው ነበር። ሱቄን ሳያይ ሞተ። ደንበኛ ፊት ቁጢጥ ብዬ የጎማ ጎን በአውራ ጣቴ ስጫን እጄ የሱን እጅ ይመስለኛል።

ልማዱ ከሱቅ አልፎ ቤተሰብ ማስቸገር ጀምሯል። ሠርግም ሆነ ለቅሶ፣ የቆመ መኪና ካየሁ አጎንብሼ ነው የማልፈው፤ ባለቤቴ እጄን ትጎትታለች። ባለፈው ደግሞ የወንድሟን መኪና የዕቃ መጫኛ አስከፈትኩት። አራቱ ደህና ናቸው፣ እኔው ነኝ ያስገጠምኩት። ስኮርቱ ግን 2109 ይላል፤ ከመኪናው ጋር የመጣ ነው። «አንድም ቀን መሬት አልነካም እኮ!» አለኝ በኩራት። ሰኞ ሱቅ አምጣው አልኩት። እስካሁን አላመጣውም።