«ዮሐንስ» የሚለው ስምና ሐመሩ ሐ

ስለ ሐዋርያትና ስለ ወንጌላውያን ስሞች በኢትዮጵያ የሚሰጠው መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ «ከግሪክ የመጣ ነው» በሚል አንድ ቃል ያበቃል። ለጴጥሮስና ለማርቆስ ይህ መልስ ይበቃ ይሆናል። ለዮሐንስ ግን አይበቃም፤ እንዲያውም የስሙን ታሪክ እኩሌታ ያስቀራል።

የስሙ ሥር ዕብራይስጥ ነው። «ዮሐናን» እግዚአብሔር ጸጋውን ሰጠ ማለት ሲሆን፣ በመካከሉ ያለው ድምፅ ከጕሮሮ የሚወጣው ሐ ነው። ግሪኮች ይህ ድምፅ በቋንቋቸው ስለሌለ ትተውት «ዮአኔስ» አሉ፤ በመጨረሻውም እንደ ልማዳቸው ስ ጨመሩበት። ሶርያውያን ግን ሐን ጠበቁ፤ ከዐረቦችም ክርስቲያኑ ዩሐና፣ ሙስሊሙ ያሕያ ሲል ይኸው ድምፅ ይሰማል።

እንግዲህ የግዕዙ ስም በመጨረሻው ስ አለው፤ ይህ የግሪክ ምስክር ነው። በመካከሉ ደግሞ ሐ አለው፤ ግሪክ የሌለውን ሊሰጥ አይችልምና ይህ ከሌላ የመጣ ነው። ወንጌል በአክሱም መንግሥት ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ መተርጐሙ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከመጽሐፉ ጐን ስሙን በሴማዊ አንደበት የሚጠራ ሰው በዚያ ነበረ ማሰኘቱ አይቀርም። ኦሪት፣ ጣዖት፣ ምጽዋት የሚሉት ቃላት ከአራማይስጥ የገቡ ስለ ሆኑ ነገሩ ብቻውን የቆመ አይደለም። አራት ፊደል ባለው ስም ውስጥ ሁለት መንገዶች ተገናኝተዋል።

ጀርመናዊ ከሚባሉት ቋንቋዎች ወገን የሆነው ከዚህ ጋር ቢመዛዘን ይጠቅማል። በዚያ ስሙ የገባው በላቲን በኩል ነው፤ የላቲን ጸሐፊዎችም ከግሪኩ ያልነበረውን ሀ በጽሕፈታቸው አግብተውበት ነበር። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ሕዝብ እንደ አንደበቱ ቈረጠው፤ ጀርመኑ የስሙን ራስ ጥሎ ሃንስ አለ፤ የሆላንዱ ሰው ያን፣ የዴንማርኩ የንስ፣ የአይስላንዱ ዮን፣ እንግሊዙም ጆን አለ። ከነዚህ ሁሉ የሚያስተምረው የእንግሊዙ ነው። ጆን ሲጻፍ ሀ አለበት፤ ሲነበብ ግን አይሰማም። እንግሊዞች ድምፅ የለውም ብለው አልፋቁትም።

በአማርኛ በኩል ሀ፣ ሐ፣ ኀ በአነጋገር አንድ ስለ ሆኑ አንዱ ይበቃል የሚል አሳብ በ20ኛው መቶ ዓመት ተደጋግሞ ቀርቦአል። አሳቡ ጥቅም የለውም አይባልም፤ ሕፃን ልጅ ሦስት ሀ የሚያጠናበት ጊዜ ለሌላ ትምህርት ሊውል ይችላል። ጉድለቱ ተራውን ቃልና የሰውን ስም በአንድ ሚዛን መመዘኑ ነው። «ዮሀንስ» ተብሎ ሲጻፍ ንባቡ አይጐድልም፤ የሚጠፋው ስሙ በሴማውያን በኩል ማለፉን የሚያሳየው ብቸኛ ምልክት ነው። ደግሞም ሐ ሞቶአል የሚለው ቃል ለአማርኛ እንጂ ለአገሩ ሁሉ እውነት አይደለም። በትግርኛ ተናጋሪ አፍ ከሀ ተለይቶ እስከ ዛሬ ይሰማል። ካሳ ምርጫ በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ነግሠው ዮሐንስ 4ኛ ሲባሉ፣ የአገራቸው ሰው ስማቸውን የጠራው በሙሉ ሐ ነው። ይህን የረሳ የፊደል ማሻሻያ የአንድ ቋንቋን ጆሮ ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ ይመስላል።

ስሙ በሕዝቡ መካከል የተስፋፋው ብቻውን ሳይሆን ገብረ ዮሐንስ፣ ወልደ ዮሐንስ፣ ኃይለ ዮሐንስ እየተባለም ነው፤ መስከረም 1 ቀንም ቅዱስ ዮሐንስ ይባላል። በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ በቦሌ ወገን በኢምፔሪያል አካባቢ ግን፣ እናቱ ዮሐንስ የምትለው ጎልማሳ በባልንጀሮቹ አፍ «ጆኒ» ነው። ይህ ከሁለቱ የጥንት መንገዶች አንዱም አይደለም፤ በሮምና በእንግሊዝ ዞሮ የተመለሰ ሦስተኛ ነው። በዚህ ስም መሳቅ አይገባም፤ የባልንጀራ ጥሪ ነው፣ የተጻፈውንም ስም አይነካውም። የሚነካው የጸሐፊ ቸልታ ነው፤ የዚያው ሰው ስም በክርስትና ምስክር ወረቀቱ በሐ፣ በትምህርት ቤቱ በሀ፣ በሌላው ወረቀት ደግሞ በሃ ተጽፎ ሊገኝ ይችላልና።