የዘርዐ ያዕቆብ ጥያቄና ጸሎት

ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ በተማሪዎች መካከል በተነሣ ቍጥር ክርክሩ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወገን መጽሐፉን እንደ እምነት ማፍረሻ ቈጥሮ ይፈራዋል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ስለዚሁ ምክንያት ያመሰግነዋል። ሁለቱም ግን መጽሐፉ በጸሎት የተሞላ መሆኑን የዘነጉት ይመስለናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፥ ጥያቄውና ጸሎቱ በአንድ ሰው ልብ እንዴት አብረው እንደ ኖሩና ጥያቄው የት ላይ እንደ ቆመ ነው።

አስቀድመን ስለ ደራሲነቱ ክርክር ጥቂት እንናገራለን። መጽሐፉ ለአውሮፓ ሊቃውንት የታወቀው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ኢጣልያዊ መነኵሴ ለአንቷን ዳባዲ ከላከለት በኋላ ነው። በ1920 (እ.ኤ.አ.) ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ጁስቶ ራሱ ነው ሲል ጻፈ። በ1976 (እ.ኤ.አ.) ክላውድ ሰምነር ይህን ተቃውሞ የኢትዮጵያዊው ድርሰት ነው ብሎ ተከራከረ፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተዘጋም። እኛ በዚህ ላይ ፍርድ አንሰጥም። «ዘርዐ ያዕቆብ» ስንልም በመጽሐፉ ውስጥ «እኔ» እያለ የሚናገረውን ሰው ማለታችን ነው። የደራሲው ማንነት ለታሪክ ጸሓፊ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ የሐሳቡን ትክክለኛነት ግን አይወስንም።

ዘርዐ ያዕቆብ በአክሱም አካባቢ ከድኻ ገበሬ ተወልዶ፥ ዜማና ቅኔ ተምሮ፥ መጻሕፍትን የሚያስተምር ሰው ነበር። ሲያስተምርም የፈረንጆቹንም የግብጻውያኑንም ትርጓሜ ጐን ለጐን ያቀርብ ስለ ነበር በሁለቱም ወገን ተጠላ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የሮም ሃይማኖት በመንግሥት ሲደገፍ ተከሶ ሸሸ፤ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊት ይዞም በተከዜ አጠገብ በዋሻ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ሰዎች በእግዚአብሔር ስም ሲጠፋፉ ስላየ፥ ጸሎቱን የሚሰማ አምላክ መኖሩን ይመረምር ጀመር። ከዳዊት መዝሙር ተነሥቶም፥ ፈጣሪዎች አንዱ ከሌላው ያለ መጨረሻ ሊቀጥሉ ስለማይችሉ ያልተፈጠረ አንድ ፈጣሪ ሊኖር ግድ ነው ወደሚል ውሳኔ ደረሰ። እንግዲህ ጥያቄውን የወለደው ጸሎት ነው፤ መልሱም ወደ ጸሎት መለሰው።

ከዚህ በኋላ አንድ ሚዛን ያዘ። ይኸውም ፈጣሪ ቸርና ጥበበኛ ከሆነ፥ የገዛ ሥራውን የሚያዋርድ ሥርዐት ከእርሱ ሊመጣ አይችልም የሚል ነው። በዚህ ሚዛን ምንኵስና ከጋብቻ ይበልጣል መባሉን፥ የሙሴ ሕግ ሴትን በወር አበባዋ ርኵስት ማለቱን፥ ሰውን እንደ እንስሳ መሸጥን ነቀፈ። ሐሳቡም በቃል ብቻ አልቀረም። በእንፍራዝ የጌታው የሀብቱ አገልጋይ የነበረችውን ሒሩትን ሲያገባ፥ ባልና ሚስት እኩል ናቸውና አገልጋይ ሳትሆን ሚስት ትሁነኝ አለ።

ሁሉን የመረመረ ሰው የእግዚአብሔርን ቸርነት ለምን በቀላሉ ተቀበለ የሚሉ አሉ። እኛ ግን ይህን እንደ ጕድለት አንቈጥረውም። ቸርነቱን ባያምን ኖሮ በሃይማኖት ስም የሚገድሉትን በምን ሚዛን ይነቅፋቸው ነበር? እምነቱ ለጥያቄው እንቅፋት ሳይሆን መሠረት ሆነለት።

የምንነቅፈው ሌላ ነገር ነው። አንደኛ፥ ስለ ጾም ሲናገር ፍርዱ ችኵል ነው። ጾም ባለጠጋውንና ድኻውን በአንድ ወቅት ከአንድ ዐይነት ማዕድ የሚያቀርብ የማኅበር ሥርዐት መሆኑን አልመዘነም። ሁለተኛ፥ ጾምንና ምንኵስናን በስማቸው እየጠራ ሲመረምር፥ በዘመኑ ደም ያፋሰሰውን የክርስቶስን ባሕርይ ክርክር ግን በስፋት አልመረመረም። ጥያቄው ከትልቁ በር ደርሶ ሳይገባ ተመለሰ ማለት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ዝምታው ነው። በእንፍራዝ ሲኖር በውጭ እንደ ሰዉ ክርስቲያን መስሎ፥ በልቡ ግን ልቡናው ያሳየውን ብቻ ይዞ እንደ ኖረ ራሱ ጽፏል። በ1667 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፉን የጻፈውም ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ስለ ለመነው ነው። ስደት ያየ ሰው ራሱን ቢጠብቅ አንፈርድበትም። ነገር ግን ዝምታው ያስከፈለው ዋጋ አለ። ጾምን የሚያውቅ አንድ መነኵሴ ወይም ትርጓሜ የሚያስተምር አንድ መምህር ቢመልስለት ኖሮ ፍርዱ በተስተካከለ፥ የእነርሱም ትምህርት በተፈተነ ነበር። በአንድ ቃል ላይ «አንድም» እያለ ብዙ ፍቺ የሚያስቀምጠው የአብነት ትምህርት ለዚህ ዐይነት ውይይት ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም።

ይህ ነገር ለእኛም ቅርብ ነው። ከመካከላችን በቤተ ክርስቲያን ዝም ብሎ ቆሞ፥ በመኝታ ቤት ከጓደኞቹ ጋር በሥርዐቱ የሚሣለቅ አይጠፋም፤ ጥያቄ ስላደረበት ብቻ ከሃዲ የሆነ መስሎት ጸሎቱን የተወም አለ። ዘርዐ ያዕቆብ ለሁለተኛው መልስ አለው፤ መጠየቅና መጸለይ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ አሳይቶታልና። ለመጀመሪያው ግን መልስ የለውም፤ እርሱም በአደባባይ መናገር አልቻለምና። ስለዚህ ከእርሱ ጀምረን ልንፈጽመው የሚገባን ሥራ፥ ጥያቄያችንን ከሚያውቁ መምህራንና ካህናት ፊት በአክብሮት ማቅረብና መልሳቸውን በትዕግሥት መስማት ነው።