የዛሜንሆፍ ቅጥያዎች

ሉድቪክ ዛሜንሆፍ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ የሚያስጨንቀው የመዝገበ ቃላቱ ውፍረት ነበር። ለሁሉም ሕዝብ የሚሆን ቋንቋ ሊሠራ ተነሥቷል፤ ግን ያን ሁሉ ቃል ማን አጥንቶ ይዘልቀዋል? መልሱን ያገኘው መንገድ ላይ ነው። በበር ጠባቂ ክፍል ላይ «ሽቬይጻርስካያ»፣ በጣፋጭ መሸጫ ላይ «ኮንዲተርስካያ» የሚሉ የሩሲያኛ ጽሑፎች አየ። የሁለቱም መጨረሻ አንድ ነው። ቅጥያዋን የያዘ ሰው ከአንድ ሥር ብዙ ቃል ማውጣት ይችላል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1887 ዋርሶ ላይ ያሳተመው የዚህ ቋንቋ፣ የኤስፔራንቶ፣ መጽሐፍ 16 የሰዋስው ደንቦችና 900 ገደማ ሥሮች ብቻ ይዞ የወጣው በዚህ የተነሣ ነው።

«ማልሳኑሌዮ» የሚለውን ቃል እንፍታው፤ ሆስፒታል ማለት ነው። «ሳን» ጤናማነት ነው። «ማል» ወደ ተቃራኒው፣ ወደ ሕመም ይገለብጠዋል። «ኡል» ሰውየውን፣ «ኤይ» ቦታውን ያመጣሉ፤ የመጨረሻዋ «ኦ» ስም መሆኑን ትናገራለች። በ«ኦ» ፈንታ «ኣ» ከገባች ቃሉ ቅጽል ይሆናል። እኔን የሚያስደንቀኝ እያንዳንዷ ክፍል የትም ብትገባ መልኳን አለመቀየሯ ነው።

ሥሮቹን ከየአገሩ ለቅሟል፦ «ፓትሮ» (አባት) ከላቲን፣ «ሁንዶ» (ውሻ) ከጀርመንኛ፣ «ቢርዶ» (ወፍ) ከእንግሊዝኛ፣ «ካይ» (እና) ከግሪክ፣ ጥያቄ የምትከፍተው «ቹ» ከፖላንድኛ። እንዲህ ተለቃቅመውም ሲነገሩ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ፤ ድምፅ የሚበረታው ሁልጊዜ ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ነውና።

ተሳቢውን የምታመለክተው «ን» ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አትሆንም። «ላ ካቶ ቪዳስ ላ ሁንዶን» ስንል ድመቷ ውሻውን ታያለች ማለታችን ነው፤ ቃላቱን ብናቀያይርም የሚያየውና የሚታየው አይምታቱም። እ.ኤ.አ. በ1907 ኤስፔራንቶን አሻሽለው ኢዶ የተባለውን ቋንቋ ያወጡት ተሐድሶ ፈላጊዎች ይህችን «ን» ተሳቢው ከባለቤቱ ሲቀድም ብቻ እንድትገባ ወሰኑ። እኔ ግን ከዛሜንሆፍ ጋር ነኝ፤ ሁሌም የምትገኝ ምልክት በሁኔታ ከምትመጣዋ ይልቅ ለመማር ትቀላለች።

እናት «ፓትሪኖ» መባሏ፣ ማለትም ከአባት በቅጥያ መውጣቷ፣ ይቆጨኛል። እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ እናት የራሷ ሥር ይገባት ነበር።

ቅጥያዎቹ ግን ብቻቸውንም ይቆማሉ፦ «ኦ» ሲጨመርባቸው «ኤዮ» ቦታ፣ «ኡሎ» ሰው፣ «ማሎ» ተቃራኒ ይሆናሉ። ኤስፔራንቲስቶች በየዕለቱ ሲያወሩ እንደ ማንኛውም ቃል ይጠቀሙባቸዋል።