«ድምፅ ማወቂያ» የተባለው ስያሜ ሲመረመር

መግቢያ

የሙያዊ ቃል ብቃት በይበልጥ የሚፈተነው መሣሪያው በታወከ ጊዜ ነው። መሣሪያው በደኅና እስከ ሠራ ድረስ ተጠቃሚው በፈለገው ስም ቢጠራው ጉዳቱ አነስተኛ ነው። እንቢ ባለ ጊዜ ግን መመሪያ ማንበብ፣ ለባለ ሙያ ማስረዳት፣ ራሱም መርምሮ መለየት ይኖርበታል። በዚያን ጊዜ ስያሜው አንዱን ክፍል ከሌላው ካልለየለት ቃሉ ኖሮም እንዳልኖረ ይቆጠራል።

ይህ ጽሑፍ በንግግር ለሚታዘዝ ቤት የሚያገለግሉ ጥቂት የአማርኛ ስያሜዎችን በዚህ መመዘኛ ይመረምራል። በንግግር የሚታዘዝ ቤት የምንለው መብራቱ፣ የበሩ ቁልፍ፣ ማሞቂያውና ቴሌቪዥኑ በነዋሪው ቃል እንዲሠሩ ሆኖ የተዘጋጀውን ቤት ነው። ይህ አሠራር አማዞን «ኤኮ» የተባለውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ጉግልም «ጉግል ሆም»ን በ2016 ካወጡ ወዲህ በብዙ አገር ተስፋፍቷል። ማንም ሊመለከተውና ሊያሻሽለው በሚችል አኳኋን የሚዘጋጀው «ሆም አሲስታንት» ደግሞ እ.ኤ.አ. 2023ን «የድምፅ ዓመት» ብሎ ሰይሞ፣ ተጠቃሚው ቤቱን በገዛ ቋንቋው እንዲያዝ ለማስቻል ሠርቷል። አሠራሩ ለብዙዎች ምቾት ነው፤ ለዐይነ ስውራንና እጃቸውን እንደ ልብ ለማያንቀሳቅሱ ሰዎች ግን ያለ ረዳት መኖር መቻል ማለት ነው። ስለዚህ የስያሜው ጉዳይ ተራ የቃላት ክርክር ሆኖ ሊታይ አይገባውም።

1. አምስት ተግባር በአንድ ስም

በዚህ ዘርፍ በሰፊው የሚሠራበት ስያሜ «ድምፅ ማወቂያ» ነው። «ድምፅ» የሚለው ቃል በአማርኛ የበሩን መንኳኳት፣ የሰውን ልሳን፣ በምርጫ የሚሰጠውን ውሳኔ ሁሉ ያጠቃልላል። ይህ ስፋት ለባለ ቅኔ ሀብት ነው፤ ለሙያዊ ቃል ግን ዕዳ ይሆናል።

ነዋሪው «የሳሎኑን መብራት አብራ» ባለ ጊዜ አምስት ተግባራት ይከናወናሉ። በመጀመሪያ ማይክሮፎኑ ድምፁን ይቀበላል። ሁለተኛ፣ መሣሪያው እርሱ መጠራቱን የሚያውቅበትን ቃል ለይቶ ይነሣል። ሦስተኛ፣ ከዚያ በኋላ የተነገረውን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። አራተኛ፣ የትኛው ዕቃ ምን እንዲሆን እንደ ታዘዘ ከጽሑፉ ይረዳል። አምስተኛ፣ ትእዛዙ ለዕቃው ይደርስና ይፈጸማል። አምስቱም በየበኩላቸው ሊታወኩ ይችላሉ፤ መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም። ማይክሮፎኑ ከቴሌቪዥን አጠገብ ተቀምጦ ከሆነ ቦታውን መለወጥ ሊበቃ ይችላል። አምፖሉ ከቤቱ መረብ ተቋርጦ ከሆነ ግን ነዋሪው እስኪደክመው ቢጮህ አይበራም። አምስቱን ሁሉ «ድምፅ ማወቂያ» ብሎ የሚጠራ ሰው ሊናገር የሚችለው «ድምፅ ማወቂያው አልሠራም» የሚለውን ብቻ ነው። ይህ ሐኪም ፊት ቀርቦ «አሞኛል» ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው።

በዚህ ረገድ መሣሪያዎቹ ከስያሜያችን ቀድመዋል። በሆም አሲስታንት አንድ ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ እያንዳንዱ ደረጃ ምን እንዳወጣና ምን ያህል ጊዜ እንደ ወሰደ በየተራ የሚያሳይ ገጽ አለ። መሣሪያው ለይቶ ያቀረበውን እኛ በአንድ ስም መልሰን እናጣምረዋለን።

2. «ዕውቅና» ያለ ቦታው

ከ«ማወቂያ» ይልቅ የሚያስቸግረው፣ በትርጉም ሥራዎች አልፎ አልፎ የሚታየው «የንግግር ዕውቅና» የሚለው ሐረግ ነው። ዕውቅና አንድ መንግሥት ለሌላው መንግሥት፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለትምህርት ቤት፣ ጉባኤም ለባለ ውለታ የሚሰጠው ነው፤ ተቀባዩን ያከብራል፣ ሕጋዊም ያደርገዋል። መሣሪያው ግን ለነዋሪው ንግግር ያጎናጸፈው ክብር የለም፤ የሰማውን ቃል ከሌሎች ቃላት ለየ እንጂ። የስሕተቱ ምንጭ የእንግሊዝኛው ቃል ሁለቱንም ትርጉሞች መያዙ ነው። ተርጓሚው ከሁለቱ የሚስማማውን ሳይመርጥ መዝገበ ቃላቱ አስቀድሞ ያቀረበለትን ወሰደ። ነገሩን በተግባሩ ብንሰይመው «ልየታ» የሚለው ቃል ይስማማል፤ «ለየ» ከሚለው ግስ የወጣ ነውና ፍችውን ተናጋሪው ሁሉ ያገኘዋል።

3. ንግግርና ተናጋሪ

«ድምፅ ማወቂያ» ከማደናገርም አልፎ ለጉዳት ያጋልጣል። «መሣሪያው ድምፅ ያውቃል» የተባለ ነዋሪ «የእኔን ድምፅ ያውቃል» ብሎ ቢረዳ ሊፈረድበት አይገባም፤ በዕለት ተዕለት አማርኛ «ድምፁን ዐወቅኹት» ማለት ባለ ድምፁን ለየሁት ማለት ነውና። ነገር ግን የተነገረውን ቃል መለየትና የተናገረውን ሰው መለየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ፊተኛውን ብቻ የሚያከናውን መሣሪያ ትእዛዙ ከቤቱ ባለቤት፣ ከሕፃን ወይም ከቴሌቪዥን መምጣቱን አይጠይቅም።

ይህ በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 በርገር ኪንግ የተባለው የምግብ ድርጅት በአሜሪካ ባስተላለፈው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ተዋናዩ የጉግልን መሣሪያ የሚያስነሣውን ቃል ሆን ብሎ ተናገረ፤ በየተመልካቹ ቤት የነበሩ መሣሪያዎችም ተነሥተው ስለ ድርጅቱ ምግብ ማንበብ ጀመሩ። በዚያ ቀን የተበላሸ መሣሪያ አልነበረም፤ ሁሉም የተሠራበትን ተግባር ፈጽሟል። በሩን በንግግር የሚያስከፍት ሰው ይህን ልዩነት ከስያሜው ሊረዳ ይገባዋል። ስለዚህ ፊተኛውን «ንግግር ልየታ»፣ ሁለተኛውን «ተናጋሪ ልየታ» ብሎ መለየት አስፈላጊ ነው።

4. ከቋንቋው ጠባይ የሚመጡ እክሎች

ደረጃዎቹን ለይቶ መሰየም ለአማርኛ በተለይ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። አንዳንድ እክሎች የሚመነጩት ከፊደላችንና ከሰዋስዋችን ነው።

የዕቃ ማኖሪያው ክፍል በመሣሪያው ላይ «ዕቃ ቤት» ተብሎ ተመዝግቧል እንበል። ነዋሪው በትክክል ተናገረ፤ መሣሪያውም «እቃ ቤት» ብሎ ጻፈ። ለጆሮ ልዩነት የለውም፤ ፊደልን ከፊደል በሚያስተያይ አሠራር ግን ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸውና መብራቱ አይበራም። ነዋሪው ጥፋቱ የአነጋገሩ መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ቃሉን ቢደጋግም ለውጥ አያገኝም። ንግግሩ ተለይቷል፤ የታወከው ከዚያ በኋላ ያለው ደረጃ ነው። የሀ፣ ሐ እና ኀ፣ የሰ እና ሠ፣ የጸ እና ፀ ነገርም እንደዚሁ ነው።

የትእዛዝ አንቀጽም ሌላ ምንጭ ነው። «አጥፋ»፣ «አጥፊ»፣ «አጥፉ»፣ «ያጥፉ» የሚሉት አንድ ትእዛዝ በአራት መልክ ናቸው። መሣሪያውን በሴት ስም የሚጠራ ሰው «አጥፊ» ይላል፤ ትእዛዝ በባዶው መናገር የሚከብደው ሽማግሌ «እስቲ መብራቱን አጥፋልኝ» ይላል። አዘጋጁ «መብራቱን አጥፋ» የሚለውን ብቻ አስገብቶ ከሆነ ሌሎቹ በትክክል ተጽፈው ሳለ ሳይፈጸሙ ይቀራሉ። አንዱ «ማድቤት» የሚለውን ሌላው «ወጥ ቤት» ወይም «ኩሽና» ማለቱም ተመሳሳይ እክል ያስከትላል።

የሦስተኛው ደረጃ እክል ግን ከዚህ የተለየ ነው። ኦፕን ኤ አይ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው «ዊስፐር» የተሠለጠነው በ680,000 ሰዓት ንግግር ነው። ከዚህም ወደ 438,000 የሚጠጋው እንግሊዝኛ ሲሆን፣ ሌሎች 96 ቋንቋዎች በየራሳቸው ጽሑፍ የተከፋፈሉት 117,000 ያህል ነው። አማርኛ ከመሣሪያው የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ በዝርዝሩ መገኘቱ ግን በደንብ መለየቱን አያረጋግጥም። በሌላ በኩል ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ለአማርኛ ንግግር ልየታ ያቀረቡት ስብስብ 100 ሰዎች ያነበቡት 20 ሰዓት ያህል ንግግር ነበር። እክሉ በዚህ ደረጃ ላይ ሲሆን ማይክሮፎን ማዛወርም ሆነ ስም ማስተካከል ብዙ አይረዳም፤ የሚያስፈልገው ተጨማሪ የአማርኛ ንግግር ከነጽሑፉ መሰብሰብ ነው። ደረጃው በስሙ ካልታወቀ የግለሰቡ ድርሻና የማኅበረሰቡ ድርሻ ይምታታሉ።

5. «መላ ፍለጋ» ወይስ «እክል ፍለጋ»

የታወከን መሣሪያ መርምሮ ጥፋቱን ማግኘት በብዙ መመሪያዎች «መላ መፈለግ» ተብሏል። ቃሉ ውብ አማርኛ ነው፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ያዛባል። መላ የሚመታው ችግሩ ከታወቀ በኋላ ነው፤ የዚህ ሥራ ዋና ፍሬ ግን ችግሩ የቱ ላይ እንደሆነ ማወቅ ነው። «ብልሽት ፍለጋ» እንዳንል በዕቃ ቤቱ ምሳሌ እንዳየነው የተሰበረ ነገር ላይኖር ይችላል። «እንከን ፍለጋ» ደግሞ ሰውን ከመንቀፍ ጋር ይያያዛል። «እክል» ግን በሬዲዮ ከሚነገረው «የቴክኒክ እክል» የተነሣ ለሰሚው እንግዳ አይደለም፤ መሰናከልን እንጂ የግድ መሰበርን አያመለክትም።

እክል ፍለጋው ራሱ ከመጨረሻው ደረጃ ቢጀምር ይቀላል። መብራቱ በስልክ ሲነካ ይበራልን? ካልበራ እክሉ ከአፈጻጸሙ ነው። ትእዛዙ በጽሑፍ ሲሰጥ ይፈጸማልን? ካልተፈጸመ እክሉ ከመረዳቱ ነው። ሁለቱም ከሠሩ መሣሪያው የጻፈው ጽሑፍ ይነበብ፤ ተዛብቶ ከሆነም የተቀዳው ድምፅ ይደመጥ። ለሰው ጆሮ ጥርት ብሎ ከተሰማ እክሉ ከንግግር ልየታው ነው፤ ካልተሰማ ከድምፅ መቀበሉ ነው። ጨርሶ ምንም ካልተቀዳ መሣሪያው በተጠራበት ቃል መነሣቱ ይመርመር።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ በተባለው መሠረት የሚከተሉት ስያሜዎች ለውይይት ቀርበዋል።

ሀ) ድምፅ መቀበል፦ ማይክሮፎኑ ድምፁን የሚወስድበት ተግባር። «ቅበላ» የሚለው አጭር ቅርጽ የጾም ዋዜማን ስለሚያስታውስ ተትቷል።

ለ) መቀስቀሻ ቃል፦ መሣሪያውን ከመጠበቅ ወደ ማዳመጥ የሚያነሣው ቃል። «ማንቂያ» ለአደጋ ደወል የተለመደ ስለሆነ አልተመረጠም።

ሐ) ንግግር ልየታ፦ የተነገረውን ለይቶ ወደ ጽሑፍ መለወጥ።

መ) ተናጋሪ ልየታ፦ የተናገረው ሰው ማን እንደሆነ መለየት።

ሠ) ትእዛዝ መረዳት፦ ከጽሑፉ የተፈለገውን ዕቃና ድርጊት ማውጣት።

ረ) ትእዛዝ መፈጸም፦ ዕቃው የታዘዘውን ማድረጉ።

ሰ) እክል ፍለጋ፦ ከእነዚህ ደረጃዎች የታወከውን መርምሮ ማግኘት።

ከእነዚህ መካከል የተሻለ አማራጭ ያለው ባለ ሙያ ቢያቀርብ ስያሜው ይዳብራል። መለወጥ የሌለበት ልዩነቱ ነው፤ የተለያየ ተግባር የተለያየ ስም ሲኖረው መብራቱ ያልበራለት ሰው ከመጮህ ይልቅ መመርመር ይችላል።